ገዢው ማን ነው? የካተርሃም ፎርሙላ ዋን ቡድን የ2014 ሽያጭ፦ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመረጠ

ሊዘጋ የተቃረበ ድርጅት ባለበት ሁሉ "ገዢ ተገኝቷል" የሚል ወሬ አይጠፋም። ገዢው ብዙውን ጊዜ ስም የለውም፤ "የውጭ ባለሀብቶች"፣ "የዐረብ ገንዘብ"፣ "አንድ የስዊስ ኩባንያ" ይባላል። በመኪና እሽቅድምድም ዓለም ይህ ወሬ እንግዳ አይደለም። የሚገርመው በአንድ ግቢ ሦስት ጊዜ መደጋገሙ ነው።

ግቢው የሚገኘው በእንግሊዝ ኦክስፎርድሻየር፣ ሊፊልድ በምትባል መንደር አጠገብ ነው። መጀመሪያ የገባበት አሮውስ የተባለው ቡድን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ናይጄሪያዊ ልዑል ተብሎ የቀረበ ባለሀብት ድርሻ ያዘና "ቲ-ማይነስ" የሚል የንግድ ምልክት በመኪናው ላይ አስጻፈ። ምልክቱ የተባለለትን ገንዘብ አላመጣም፤ ሰውየውም ብዙም ሳይቆይ ወጣ፤ ቡድኑ በ2002 ከሰረ። ቀጥሎ የገባው ሱፐር አጉሪ በ2008 ማግማ የተባለ ኩባንያ ከዱባይ ገንዘብ ይዞ ሊገዛው ነው ተባለ። በኤፕሪል ገንዘቡ ቀረ፤ በሜይ መጀመሪያ የቡድኑ ከባድ መኪናዎች ኢስታንቡል ደርሰው ከውድድሩ ሜዳ በር ላይ ተከለከሉ፤ በዚያው ሰሞን ቡድኑ ፈረሰ።

ሦስተኛው ካተርሃም ነው። ይህን የመረጥኩት ከሦስቱ ይበልጥ አስተማሪ ሆኖ ስላገኘሁት ነው። ሻጭም ገዢም በአደባባይ ተካሰዋል፤ በኋላም የኪሳራ አስተዳዳሪ ገብቶበታል። ስለዚህ ነገሩ ከየት እንደተበላሸ ደረጃ በደረጃ መከተል ይቻላል። የግለሰቦችን ስም ትቻለሁ፤ ኩባንያዎቹን ግን በስማቸው እጠራለሁ።

መነሻው

ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን በ2009 አዳዲስ ቡድኖችን ወደ ፎርሙላ ዋን ሲጋብዝ አንድ ቡድን በዓመት ሊያወጣ የሚችለው ገንዘብ በ40 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚገደብ ተነግሮ ነበር። ትልልቆቹ ቡድኖች አመጹና ገደቡ ቀረ፤ እውነተኛ የወጪ ጣሪያ የተተከለው በ2021 ነው። አዲሶቹ ግን አንዴ ገብተው ነበር። በ2010 መወዳደር ከጀመሩት ሦስቱ አዳዲስ ቡድኖች ዛሬ አንድም የለም። ኤችአርቲ በ2012 መጨረሻ፣ ካተርሃም በ2014፣ ማሩሲያ በኋላ ማኖር ተብሎ በ2017 መጀመሪያ ጠፍተዋል።

ካተርሃም የማሌዢያ ነጋዴዎች ቡድን ነበር። ዋናው ባለቤት ኤርኤዥያ የተባለውን ርካሽ አየር መንገድ ያሳደገ ሰው ነው፤ የእንግሊዝን እግር ኳስ የሚከታተል አንባቢ በቀድሞ የኪውፒአር ባለቤትነቱ ያውቀዋል። ቡድኑ ሎተስ በሚል ስም ጀመረ፤ በስሙ ላይ ክርክር ተነሣና በ2012 የዚያው ባለቤት ንብረት በሆነው አነስተኛ የስፖርት መኪና አምራች ስም ካተርሃም ተባለ። በዚያው ዓመት ከኖርፎክ ወደ ሊፊልድ ተዛወረ።

በአምስት የውድድር ዘመን አንድ ነጥብ አላገኘም። የሽልማት ገንዘብ ያኔ ይከፋፈል የነበረው በዋናነት ለመጀመሪያዎቹ አሥር ስለሆነ፣ ለጭራዎቹ ቡድኖች የዓመቱ ትግል ሁሉ አሥረኛ ለመሆን ነበር። በ2012 የመጨረሻው ውድድር ብራዚል ላይ አንዱ አሽከርካሪ 11ኛ ሲወጣ ካተርሃም ከማሩሲያ አሥረኝነቱን ነጠቀ። በ2013 ተገላበጠ፦ የማሩሲያ ምርጥ ውጤት 13ኛ፣ የካተርሃም 14ኛ ነበርና በዚያች አንዲት ደረጃ ልዩነት ገንዘቡ ሄደ። በሜይ 2014 ሞናኮ ላይ ደግሞ ማሩሲያ ዘጠነኛ ወጥቶ ሁለት ነጥብ ሲያገኝ የካተርሃሙ አሽከርካሪ 11ኛ ሆነ፤ ነጥብ የሚሰጠው እስከ አሥረኛ ነው። በዚያው ዓመት አዲሶቹ ሃይብሪድ ሞተሮች ገብተው የትንንሾቹን ቡድኖች ወጪ ከፍ አድርገዋል። ባለቤቱ ገና ዓመቱ ሲጀምር፣ ውጤት ካልተሻሻለ በቃኝ እንደሚል ተናግሮ ነበር።

ችግሩ

ኪሳራ ለፎርሙላ ዋን ትንንሽ ቡድኖች የዕለት እንጀራ ነው። ካተርሃምን ለየት ያደረገው አደረጃጀቱ ነበር። ሰው "ካተርሃም" ሲል አንድ ነገር ይመስለዋል፤ በወረቀት ግን ቢያንስ ሁለት ኩባንያ ነበር። የውድድር ፈቃዱ በማሌዢያ የተመዘገበው ዋንማሌዢያ ሬሲንግ ቲም በተባለ ኩባንያ ስም ነው። መኪናውን የሚነድፈው፣ የሚሠራውና ሠራተኛውን የሚቀጥረው ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ የተመዘገበው ካተርሃም ስፖርትስ ነው። ዋጋ ያለው ፈቃዱ አንደኛው ጋ፣ ደመወዙና የአቅራቢዎች ዕዳ ሁለተኛው ጋ ተቀምጧል።

ይህ በራሱ ሕገወጥ አይደለም፤ ብዙ ድርጅት እንዲህ ነው የሚሠራው። ግን ድርጅቱ ሲሸጥ "ምኑን ገዛህ?" የሚለው ጥያቄ መልሱ ከባድ ይሆናል።

ሽያጩ

በጁላይ 2014 መጀመሪያ፣ የእንግሊዝ ግራንድ ፕሪ ሊካሄድ ቀናት ሲቀሩ፣ ቡድኑ ለስዊስና ለመካከለኛው ምሥራቅ ባለሀብቶች ጥምረት መሸጡ ተነገረ። ባለሀብቶቹ እነማን እንደሆኑ አልተገለጸም። ፊት የነበራቸው አማካሪያቸውና የሾሟቸው ሥራ አስኪያጆች ብቻ ናቸው። አማካሪው በትምህርቱ የጥርስ ሐኪም የሆነ፣ ከዚያ በፊት ሌሎች የፎርሙላ ዋን ጭራ ቡድኖችን የመራ ሰው ነበር። ቡድን መሪ ተደርጎ የተሾመው የቀድሞ ሆላንዳዊ አሽከርካሪ ነው። ገዢው ኩባንያ ኤንጋቬስት የተባለ የስዊስ ድርጅት መሆኑ በሰፊው የታወቀው በኋላ፣ ጠቡ ሲፈነዳ ነው።

ጥርጣሬው ወዲያው ነበር የተነሣው። ጋዜጠኞች "ገንዘቡ የማን ነው?" እያሉ ጠየቁ፤ መልሱ "ባለሀብቶቹ ስማቸው እንዲጠቀስ አይፈልጉም" ከሚለው አላለፈም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እዚህ ግን የጠረጠረም አብሮ ተመንጥሯል፤ ምክንያቱም ጥርጣሬው ያነጣጠረው በተሳሳተ ቦታ ላይ ነበር። ሁሉም የገዢውን መልክ ለማየት ሲያንጋጥጥ፣ ሽያጩ ራሱ መፈጸም አለመፈጸሙን የጠየቀ እምብዛም አልነበረም።

አዲሶቹ ሰዎች የወሰዱት እርምጃ

በመጀመሪያው ወር ከ40 በላይ ሠራተኞች ተባረሩ። ያለማስጠንቀቂያ ነው የተባረርነው ብለው ተሰባስበው ወደ ሕግ ሄዱ። አስተዳደሩ ወጪ ለመቀነስ መሆኑን ይናገር ነበር፤ ወጪው መቀነስ እንደነበረበት የሚከራከር የለም። ለሌላው ሠራተኛ የተላለፈው መልእክት ግን ግልጽ ነበር፤ ከተባረሩት መካከል ቡድኑን ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚያውቁ ነበሩ።

በኦገስት መጨረሻ ቤልጂየም ላይ አዲስ የመኪና አፍንጫ መጣ። የቀድሞው አፍንጫ የዚያ ዓመት አስቀያሚው ተብሎ ሲቀለድበት የከረመ ነው። ለዚያ ውድድር ጃፓናዊውን አሽከርካሪ አውርደው በሌማን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈ ጀርመናዊ አስቀመጡ፤ በማጣሪያው ከቡድን አጋሩ ቀደመ፣ በውድድሩ ግን አንድ ዙር እንደሄደ መኪናው ቆመ። ሥራ አልተሠራም ማለት አይቻልም። ለሁለት ወር ያህል ቡድኑ ነፍስ የዘራ መስሎ ነበር።

በሴፕቴምበር ቡድን መሪው የቤተሰብ ጉዳይ ብሎ ለቀቀና ምክትሉ ተተካ። በኦክቶበር መጀመሪያ፣ ቡድኑ ጃፓን ውስጥ ለውድድር እየተዘጋጀ ሳለ፣ የፍርድ አፈጻጸም ሠራተኞች ሊፊልድ ገብተው ንብረት ያዙ። ቡድኑ የሰጠውን መልስ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ የተከሰሰው ለቡድኑ ዕቃ የሚያቀርብ ሌላ ኩባንያ ነው፣ የውድድር ፈቃዱን የያዘው ኩባንያ አይደለም የሚል ነበር። በወረቀት ቢሆን እውነት ነው። "ሌላ ኩባንያ" የተባለው ግን መኪናውን የሚሠራው ካተርሃም ስፖርትስ ነበር።

በሶቺው ውድድር ሰሞን ጃፓናዊው አሽከርካሪ በማኅበራዊ ገጹ አንድ ፎቶ ለጠፈ። የመኪናው የሰስፔንሽን፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክፍል ነው። ተሰንጥቋል፤ ምትክ ስለሌለ ስንጥቁ ላይ ካርቦን ፋይበር ተጠቅልሎበታል። ይህን ይዤ ልነዳ ነው ወይ ዓይነት ጥያቄ ነበር ያቀረበው። ልጥፉ ወዲያው ጠፋ፤ ያየው ግን አይቶታል። በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚሄድ መኪና የመለዋወጫ እጦት ከሒሳብ መዝገብ ወጥቶ የሰው ሕይወት ጉዳይ ሆኗል ማለት ነው። ስለዚህ ሽያጭ ብዙ ወረቀት ተጽፏል፤ ለእኔ ከሁሉም ይበልጥ የሚናገረው ይህ ፎቶ ነው።

ጠቡ ሲወጣ

በዚያው ኦክቶበር ካተርሃም ስፖርትስ በባንክ አበዳሪው አማካይነት በኪሳራ አስተዳዳሪ እጅ ገባ። ጋዜጦች የድርጅቶችን መዝገብ ሲያገላብጡ በኩባንያው ዳይሬክተርነት የሰፈረው ቀድሞ እግር ኳስ ተጫዋች የነበረ ሮማንያዊ ሆኖ አገኙት። ከዚያ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ቀን መግለጫ ተወራወሩ።

ገዢው ወገን እንዲህ አለ፦ በጁን መጨረሻ ውል ተፈራርመናል፤ ሻጩ ግን አክሲዮኑን ሊያዛውርልን ፈቃደኛ አልሆነም፤ ቡድኑን እያስተዳደርን በሕግ ባለቤት መሆን አልቻልንም። ሻጩ ደግሞ፦ አክሲዮኑ የሚዛወረው ገዢው ነባርና አዲስ ባለገንዘቦችን፣ ሠራተኞችንም ጨምሮ፣ ከከፈለ ነው፤ አልከፈለም፤ ስለዚህ የማዛወር ግዴታ የለብንም አለ። ባለቤቱ በትዊተር የጻፈው አጭር ነበር፤ ነገር ከገዛህ ክፈል የሚል።

ማን እንደዋሸ ለመፍረድ መረጃው አይበቃኝም፤ ለዚህ ጥናትም አያስፈልግም። ሁለቱም መግለጫዎች አንድ ነገር ያምናሉ፦ ከጁላይ እስከ ኦክቶበር ቡድኑን የሚያዝዙት ሰዎች ባለቤት አልነበሩም፤ ባለቤት የነበሩት ደግሞ አያዝዙም ነበር። የቤቱን ቁልፍ ተቀብሎ ካርታው በሌላ ሰው ስም የቀረበት ገዢ ጣሪያው ቢያፈስ ማን ያሠራዋል? ሻጩ "አንተ ነህ የምትኖርበት" ይላል፤ ነዋሪው "ካርታው ባንተ ስም ነው" ይላል፤ ዝናቡ ይገባል። የካተርሃም ደመወዝ፣ የአቅራቢዎች ሂሳብና ያ የተሰነጠቀ ሰስፔንሽን በዚህ መሀል ነው የቀሩት።

አስተዳዳሪው የሞከረው

በኦክቶበር 23 ሠራተኞች ሊፊልድ ሲደርሱ በሩ ተዘግቶ ጠበቃቸው። ከአንድ ቀን ክርክር በኋላ ሻጭም ገዢም ገለል ብለው ቡድኑ በአስተዳዳሪው እጅ እንዲሆን ተስማሙ። ቡድኑ የአሜሪካንና የብራዚልን ውድድር እንዲቀር ተፈቀደለት። ማሩሲያም በዚያው ሰሞን በኪሳራ አስተዳዳሪ እጅ ስለወደቀ ኦስቲን ላይ 18 መኪና ብቻ ተሰለፈ።

አስተዳዳሪው አዲስ ገዢ ሊፈልግ ፈለገ፤ ሆኖም በጋራዥ የቆመ ቡድን ማን ይገዛል? ስለዚህ የመጨረሻውን ውድድር አቡ ዳቢ ላይ ለማስሮጥ ከሕዝብ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረ። ግቡ 2.35 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፤ ለሚለግሱ የመኪና ክፍሎችና ሌሎች ማስታወሻዎች ይሰጡ ነበር። ብዙ የእሽቅድምድም ሰዎች አፌዙበት፤ ፎርሙላ ዋን ለልመና ወረደ አሉ። ከግቡ አብዛኛው ቃል ተገባ፤ መኪናዎቹም ሄዱ። በኖቬምበር 23 ውድድር ጃፓናዊው አሽከርካሪ ሳይጨርስ ወጣ፤ እዚያው የመጀመሪያ ውድድሩን የነዳው እንግሊዛዊ ወጣት 17ኛ ሆኖ ጨረሰ።

የሠራውና ያልሠራው

የሕዝቡ ገንዘብ ሠርቷል፤ ለተባለለት ነገር ዋለ። ለጋሾች ምን እንደሚያገኙ ያውቁ ነበር፤ ገንዘቡ ለአንድ ውድድር ነው፣ ቀኑም ይታወቃል፣ ተቀባዩም በሕግ የተሾመ ሰው ነው። በጁላይ ለባለሙያ ገዢዎች ያልተሟላው ሁሉ በኖቬምበር ለተራ ተመልካች ተሟልቶ ነበር።

አስተዳዳሪው ሁለቱን ወገን ገለል ማድረጉም ሠርቷል፤ ግን ዘገየ። በጥቂት ሳምንታት ገዢ ማግኘት ያኔ ያቃተው፣ በጁን ቢጀመር ኖሮ ይቻል ነበር ብሎ መገመት አይከብድም።

ያልሠራው ዋናው ነገር የገዢ ፍለጋው ነው፤ አዲስ ገዢ አልመጣም። ወደ 200 የሚጠጉ ሠራተኞች ሥራ አጡ። በ2015 መጀመሪያ መኪናዎቹ፣ የፒት ዕቃዎቹና መሣሪያዎቹ በጨረታ ተሸጡ።

ለሌላ ቦታ የሚሆኑ ትምህርቶች

አንደኛው ስለ ምስጢር ነው። ስሙን መግለጽ የማይፈልግ ባለሀብት ሁሉ አጭበርባሪ አይደለም፤ የታወቀ ስምም ዋስትና አይሆንም፤ ካተርሃምን ያቋቋመው ባለቤት ከማንም የበለጠ ታዋቂ ነበር። ስለዚህ "ማን ነው?" ከሚለው ጥያቄ በፊት "ከፊርማው ማግስት ጠዋት የደመወዙን ዕዳ በሕግ የሚሸከመው ማን ነው?" የሚለው ይቅደም። ለዚህ መልስ የሌለው ሽያጭ ስሙ የተጠራ ገዢ ቢኖረውም ሽያጭ አይደለም።

ሁለተኛው ስለ ቅድመ ሁኔታ ነው። "ዕዳ ከከፈልክ አክሲዮን አዛውራለሁ" የሚል ውል ለሻጩ ጥሩ ጥበቃ ይመስላል። ችግሩ በመሀል ያለው ጊዜ ነው፤ ገዢው የሱ ባልሆነ ድርጅት ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ይፈራል፤ ሻጩም የወጣበትን ድርጅት ዕዳ መክፈል አይፈልግም። ገንዘቡ በሦስተኛ ወገን ዝግ ሒሳብ ይቀመጥ፣ አክሲዮኑ ሲዛወር በዚያው ቀን ይለቀቅ። ሥልጣኑም ከአክሲዮኑ ጋር በአንድ ቀን ይለፍ። አስተዳደሩን ቀድሞ ማስረከብ የዚህ ጉዳይ ትልቁ ስህተት ነው የምለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው የሚመጣው ከንጽጽር ነው። በጁላይ 2018 ፎርስ ኢንዲያ የተባለው ቡድን በተመሳሳይ ደረጃ ላይ ደረሰ፤ የራሱ አሽከርካሪ ያልተከፈለውን ገንዘብ ጠይቆ ወደ ኪሳራ አስተዳዳሪ አስገባው። እዚህም አክሲዮኑን ማዛወር አልተቻለም፤ የባለቤቱ ድርሻ በህንድ ባንኮች ጉዳይ ተይዞ ነበር። በካናዳዊ ባለሀብት የተመራው ጥምረት ግን አክሲዮኑን አልጠበቀም፤ ንብረቱንና ሥራውን ለአዲስ ኩባንያ ገዛ። ባለገንዘቦች ተከፈሉ፤ 405 ሠራተኞች ሥራቸው ላይ ቀሩ። ዋጋውም ነበረው፤ አዲስ ኩባንያ ስለሆነ እስከዚያ ያገኘው ነጥብ ተሰርዞ ከዜሮ ጀመረ። በዚያው የመጀመሪያ ውድድሩ ቤልጂየም ላይ አምስተኛና ስድስተኛ ወጣ። ያ ቡድን ዛሬ አስተን ማርቲን ይባላል። አክሲዮን ሲጣበቅ ንብረት መግዛት ይቻል እንደሆነ መጠየቅ፣ በተለይ ድርጅቱ በበርካታ ኩባንያዎች ከተከፋፈለ፣ ወራት ያተርፋል።

የመጨረሻው የሚመለከተው ውሉን የማይፈርመውን ሠራተኛ ነው። የሊፊልድ ሰዎች "ካተርሃም ገዢ አገኘ" ሲባሉ የሚጠይቁት አንድ ተግባራዊ ጥያቄ ነበራቸው፤ የቅጥር ውላቸው ላይ የሰፈረው የየትኛው ኩባንያ ስም ነው? ያ ኩባንያስ በሽያጩ ውስጥ አለ ወይ? በእንግሊዝ የድርጅቶች መዝገብ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ዳይሬክተር ሲቀየር ይታያል። መዝገቡ በቀላሉ በማይገኝበት አገርም ቢሆን የደመወዝ ዝርዝሩ ራስጌ ላይ ያለውን ስም አይቶ "ይህ ኩባንያ አብሮ ተሽጧል?" ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ አይከለከልም፤ መልሱም በጽሑፍ ካልመጣ ሥራ መፈለጊያው ጊዜ ያኔ ነው፤ የፍርድ አፈጻጸም ሠራተኛ በር እስኪመታ መጠበቅ አያስፈልግም።